አራተኛው መስመር ላይ የቀረው ካርድ

የመስመር ሠራተኞቹ «እትዬ አንቀጽ» ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊት እትዬ፣ ከኋላዬ አንቀጽ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠሩኝ ሲናደዱብኝ ነው። አይከፋኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ተረኛ ሆኜ ስሠራ ደንቡን በቃሌ የያዝኩት ለፉከራ አይደለም። መብራት ሲሄድ ከተማው በሙሉ የሚረግመው እኔን ነው፤ ሲመጣ የሚመርቀኝ አላየሁም። ለምጄዋለሁ።

የዚያን ቀን ነገር ስጀምር ሰው ሁሉ «ተይው በቃ፣ ራስሽን አትጉጂ» ይለኛል። አልተወውም። ከመጀመሪያው ነው የምናገረው።

የኛ ሥራ እንዲህ ነው። የመስመር ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት እኔ ጋ ይመጣና ቁጥሩ የተጻፈበትን የራሱን ቀይ ካርድ ኃይሉ የተቋረጠበት ብሬከር እጀታ ላይ በሲባጎ ያስራል። አራት ሰው ከወጣ አራት ካርድ ይንጠለጠላል። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ራሱ መጥቶ ካርዱን በገዛ እጁ ይፈታል። አለቃው አይፈታለትም፣ ጓደኛው አይፈታለትም፣ እኔም አልፈታለትም። ካርዱ ካለ ሰውየው ምሰሶ ላይ ነው፤ ቤቱ ተኝቶ ቢያንኮራፋም ለኔ ምሰሶ ላይ ነው። የካርዱ ባለቤት ከጠፋ ደንቡ ሁለት መንገድ ብቻ ይሰጠኛል። ወይ በስልክ ድምፁን ሰምቼ ቁጥሩንና ያለበትን ቦታ ከራሱ አፍ እቀበላለሁ፤ ወይ ደግሞ መስመሩ ከመጀመሪያው ምሰሶ እስከ መጨረሻው በሰው ዓይን ይታያል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

እናቴ የምትኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነበር። ቤታቸው መብራት የሚያገኘው ከአራተኛው መስመር ነው። የእማ ሳንባ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አልጋዋ አጠገብ የቆመው የኦክስጂን ማሽን ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ማሽኑ ከቆመ ከንፈሯ ለመጥቆር ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። መብራት ሲጠፋ የሚያሠራው መጠባበቂያ ባትሪ አለ፤ አዲስ እያለ ሦስት ሰዓት ይቆይ ነበር። መቼም የኛ ነገር፣ ያለው ነገር ሁሌም አዲስ ይመስለናል።

የዚያን ቀን መብራት እንደሚቋረጥ ሳምንት ሙሉ ተለጥፏል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ በአራተኛው መስመር ሽቦውን የሚሸከሙት የተሰነጠቁ ስኒዎች ይቀየራሉ። ከዋዜማው ለእህቴ ደውዬ «ባትሪውን እስከ ጫፍ ሙይው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» ብያታለሁ። እሷም እሺ ብላ ሞላችው። እስከዚህ ድረስ ማንም ያጠፋ ሰው የለም።

ለአምስት አሥር ጉዳይ ቡድኑ ተመለሰ። መሪያቸው «ጥድፊያ» ይባላል፤ እንደ ስሙ ነው፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። ሦስቱ ተራ በተራ ካርዳቸውን ፈቱ። ጥድፊያ «ሥራው ተጠናቋል፣ ሰው ሁሉ ወርዷል» የሚለውን ወረቀት ፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረልኝ።

«በይ ልቀቂው» አለኝ።

እጀታው ላይ አንድ ካርድ አለ። አሥራ ሰባት ቁጥር።

«ቀጮስ?» አልኩት። ቀጮ ከአራቱ በዕድሜ ትንሹ፣ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ንፋስ ይወስደዋል ብለን የምንሰጋለት ሰው ነው።

«ጥርሱን አሞት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወርዶ ሄደ። ዓይኔ እያየ ነው የሄደው።»

«ካርዱን ሳይፈታ?»

«ረስቶት ነዋ። አታውቂውም? ባለፈው ወር እንኳ ጫማውን እኛ ጋ ረስቶ በሥራ ቦቲው ቤቱ የገባ ሰው ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ። ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ካርዱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ የሚከተው ሽማግሌ ግን አልሳቀም።

«እኔን እንኳ ማስታገሻ ገዝቼ እመለሳለሁ ነው ያለኝ» አለ። «መጨረሻ ምሰሶው ላይ ያላጠበቃት ብሎን ነበረችበት።»

ጥድፊያ በዓይኑ ገረፈው። 

«ተመልሶ ወጥቶ ቢሆንስ?» አልኩ።

«አልተመለሰም።»

«አይተሃል?»

«ሲመለስ አላየሁትም እኮ ነው የምልሽ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ አለማየትህ» አልኩት። የቀጮ ስልክ ላይ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። «መኪናህን አስነሣና መስመሩን እይልኝ፣ ምሰሶ በምሰሶ» አልኩት ጥድፊያን።

«መቶ ሃያ ምሰሶ! ግማሹ በሰው ግቢ ውስጥ፣ ግማሹ በጓሮ!»

«እየቆጠርክ ሂድ» አልኩት። እያጉረመረመ፣ ሁለቱን አስከትሎ ወጣ። ሽማግሌው ቀድሟቸው መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር።

በአምስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ እህቴ ደወለች።

«እታለም፣ አምስት ሰዓት ሆነ እኮ» አለችኝ። «ባትሪው ሠላሳ በመቶ ላይ ነው።»

«ትንሽ ይዘገያል። አትጨነቂ።»

«ስንት ነው ትንሽ?»

እናቴ ከበስተኋላ «ምን አለች?» ስትል ሰማኋት። እህቴ «እየመጣ ነው ትላለች» አለቻት። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ግን አላረምኳትም።

ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ለአስቸኳይ አገልግሎት ተረኛው ደወልኩ። ይኼ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ያወጣው ደንብ አለ፤ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ያለበት ቤት በቆጣሪው ቁጥር ይመዘገባል። ከተመዘገበ፣ መብራት ከመቋረጡ በፊት ይነገረዋል፤ ሥራው ከተባለው ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሙሉ ባትሪና የኦክስጂን ሲሊንደር ጭኖ ወደ በሩ ይንቀሳቀሳል። ጥሩ ደንብ ነው። ሲወጣ ለሠራተኛው ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ስልኩን ያነሣውንም ልጅ እግር ተረኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«የቆጣሪ ቁጥሩን ይንገሩኝ እትዬ» አለኝ።

በቃሌ ነገርኩት። ጣቶቹ ሲጽፉ ይሰማኛል።

«ይህ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ የለም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አውቃለሁ። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ተቀምጧል። ለምን አልሞላሁትም? ስንፍና ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ኩራት ነው። በዚህ ከተማ መብራት መቼ እንደሚሄድ ከኔ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ለኔ ደውለው ምን ሊነግሩኝ ነው? የሰው እናት ትመዝገብ፣ የኔ እናት እኔ አለኋት። እንዲህ ብዬ ነው። ደንብ በቃሌ የያዝኩ ሴትዮ።

«እናቴ ናት» አልኩት። «ተራው ይዘለልልኝና መኪናው መጀመሪያ እሷ ጋ ይሂድ።»

ልጁ ዝርዝሩን አገላበጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አራተኛው መስመር ላይ አራት ቤት ነው የተመዘገበው፣ ሁለቱ ጋ መኪናው ገና አልደረሰም» አለኝ። «አንዷ የስምንት ወር ሕፃን ናት፣ አንዱ አዛውንት ናቸው። የትኛውን ልዝለል እትዬ? እርስዎ ይንገሩኝና እዘላለሁ።»

 እንዲህ ብሎ እንዲጠይቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ከነሱ ቀጥሎ ላክልኝ» አልኩት። «ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ መንገዱ ከፈቀደ» አለኝ።

ለእህቴ ደውዬ አምቡላንስ ጥሪ አልኳት። ጠርታለች፤ የትራፊክ መብራቱ ስለጠፋ መንገዱ ተቆላልፏል ብለዋታል። አሳንሰሩ ቆሟል። ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ሊያወርዷት ተሰብስበዋል፤ የአምስተኛ ፎቁ ደረጃ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ መዞሪያው ላይ አልሄድ እያለ ነው። ባትሪው አሥራ ስምንት። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«መጣ» አለች። «እታለም፣ መኪናችሁ መጣ፣ በመስኮት እያየሁት ነው። ተመስገን።»

ሰዓቱን አየሁ።

«እዚህ ነን! አምስተኛ ፎቅ!» እያለች ወደ ታች ትጣራለች። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች። «አለፈ» አለችኝ። «አለፈ እኮ። ቤቱን ስተውታል፤ እባክሽ ደውዪላቸው፣ ተሳስተዋል።»

«እደውላለሁ» አልኳት። ምን ልበላት?

መኪናው ወደ ሕፃኗ ቤት ነበር የሚሄደው።

የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ኃላፊ የደወለው ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ አይሳደብም፤ ጨዋ ሰው ሲቆጣ ደግሞ ይብሳል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሠላሳ አንድ ደቂቃ አለፈ» አለኝ። «ባለሥልጣኑ እያንዳንዷን ደቂቃ ይቆጥርብናል። የቡድን መሪው ሰው ሁሉ ወርዷል ብሎ ፈርሟል አይደል? ልቀቂው።»

«ካርድ አለ።»

«የረሳው ሰው ካርድ ነው! ቀጮን ማን የማያውቀው አለ? በኔ ኃላፊነት ልቀቂው።»

«በጽሑፍ ይላኩልኝና አሁኑኑ እለቃለሁ» አልኩት።

ዝም አለ። ያ ዝምታው እስካሁን ያናድደኛል። በአፉ ቀጮን ሊገድልልኝ ዝግጁ ነው፤ በእጁ ግን አይጽፍም። «ግግም ያልሽ ሰው ነሽ» ብሎ ዘጋው።

አሁን የምናገረውን ለማንም አልተናገርኩም።

ተነሣሁና ብሬከሩ ፊት ቆምኩ። አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ጠርዙ የተላጠ፣ በጥርሱ የነከሰው ይመስላል። ሲባጎው በሁለት ቋጠሮ ነው የታሰረው። ቤቱ ነው ያለው፣ አልኩ። ጥርሱን ይዞ ተኝቷል፣ አልኩ። ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው ሌላ ያለው። እናቴ ደረጃ ላይ ናት። ምን ቆርጦኝ ነው ለሰው ጥርስ ሕመም እናቴን የማሳፍናት? የላይኛውን ቋጠሮ ፈታሁት። በሃያ ሁለት ዓመት የሰው ካርድ ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። ጣቶቼ አልተንቀጠቀጡም፤ የገረመኝ እሱ ነው። ሁለተኛውን ያዝኩት።

ቀጮ ምሰሶ ላይ ከሆነ በሁለት እጁ ሽቦውን ይዟል። የሚታሰበኝ ይኸው ብቻ ሆነ፣ እጆቹ። ዳቦ ሲቆርስ የማያቸው፣ ጥፍራቸው ሁሌ ቅባት የሆነ እጆች። እሱም እናት አለችው፣ በየሳምንቱ ትደውልለታለች፣ እያፈረ ከኛ ዞር ብሎ ነው የሚያናግራት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ እየጮህኩ፣ ጣቢያው ውስጥ ብቻዬን ስለሆንኩ ማንም አልሰማኝም። ከዚያ ተነሥቼ የፈታሁትን ቋጠሮ መልሼ አሰርኩ። ከበፊቱ አጥብቄ አሰርኩት፣ ራሴን ስላላመንኩት።

አምስት ሰዓት ከአርባ ሦስት ላይ እህቴ ደወለች። አታለቅስም፤ ድምፅዋ ደርቋል።

«ሦስተኛ ፎቅ ደርሰናል። ባትሪው ጮኸና ጠፋ።»

«አምቡላንሱስ?»

«መንገድ ላይ ነው ይላሉ። እታለም፣ ስሚኝ። እህትሽ ሆኜ በሕይወቴ አንድ ነገር ለምኜሽ አላውቅም። በሞቴ፣ መብራቱን ልቀቂው። እጅሽ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ሁልጊዜ እጄ ላይ ነው ትዪ የለም እንዴ?»

«አንድ ሰው ምሰሶ ላይ ሊኖር ይችላል።»

«ሊኖር ይችላል?» አለች። «እማ ግን አለች። እዚህ አለች። ከንፈሯ እየጠቆረ ነው፣ አየሁት እኮ ነው የምልሽ።»

«ስልኩን ስጫት» አልኳት።

ሰጠቻት። የምትናገርበት ትንፋሽ አልነበራትም። አተነፋፈሷን ብቻ ሰማሁ፣ አጭር አጭር፣ ሩቅ ሩቅ። «እማዬ፣ መጣሁ፣ እየመጣሁ ነው» አልኳት፤ ከወንበሬ ግን አልተነሣሁም። ተረኛ ጣቢያ ጥሎ አይሄድም። ይኼንንም ደንቡ ይላል።

ሌላው ስልክ የጮኸው አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። የማላውቀው ቁጥር። አንሥቼው «ማነው?» አልኩ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ቀጮ» አለኝ። አፉ ሙሉ ጥጥ ነው፣ በደንብ አይሰማም። «ስልኬ ባትሪ ጨርሶ በነርሷ ስልክ ነው የምደውለው። ካርዴን ረሳሁት መሰለኝ። ማስታገሻው እምቢ ቢለኝ ሌላ ሰፈር፣ መብራት ያለበት፣ ጥርስ ሐኪም ጋ መጥቼ ወንበሩ ላይ አስተኝተውኝ—»

«ቁጥርህን ተናገር።»

«አሥራ ሰባት።»

«የት ነህ?»

«ጥርስ ሐኪም ጋ፣ ከመስመሩ ውጭ። ምሰሶ ላይ አይደለሁም እትዬ።»

መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ካርዱን ፈታሁ፣ እጀታውን ገፋሁት። የኃይል መለኪያው መርፌ ተነሣ። ጥድፊያ በሬዲዮ «ዘጠና አራተኛው ምሰሶ ላይ ነን፣ እስካሁን ማንም የለም» ሲል «ግቡ፣ ተገኝቷል» አልኩት። ከዚያ ወደ እህቴ ደወልኩ። ከበስተኋላ የአሳንሰሩ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል፣ ባዶውን።

«መጣ» አለችኝ። «አሁን ምን ያደርግልኛል?»

እማ ከደቂቃዎች በፊት፣ ሦስተኛና ሁለተኛ ፎቅ መካከል ባለው መዞሪያ ላይ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች አልፋለች።  ተተኪዬ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ከሩብ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የየሰዓቱን የመለኪያ ንባብ መዘገብኩ።

በሦስተኛው ቀን የእህቴ ቤት በለቅሶ ሰው ተሞልቶ ሳለ ቀጮ መጣ። ጉንጩ አሁንም አብጧል። ከበሩ አልፎ አልገባም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። «ካርዱን የረሳሁት እኔ ነኝ።»

እህቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «አንተ ነህ?» አለችው። «ለጥርስህ ብለህ ነው?»

ቀጮ አንገቱን ደፋ። ሰው ሁሉ ያየው ጀመር፤ ጎረቤቱ፣ ወንበሩን የተሸከሙት ወንዶች፣ ሁሉም። እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። ሸክሙን የሚቀበል ሰው በገዛ እግሩ መጥቶልኛል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያልወጣ ትንፋሽ ወጣልኝ። አፌን ብዘጋ እዚያው ያልቅ ነበር።

«መኪናችሁ እንኳ» አለችው እህቴ፣ «እያየሁት፣ እጄን እያወዛወዝኩለት፣ በደጄ አለፈ። የኔ እናት ሰው አይደለችም?»

ቀጮ ስለ መኪናው አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። ያላጠፋውንም ጨምሮ ይቅርታ ጠየቃት። ይህን መቻል አቃተኝ።

«እሱን ተይው» አልኳት። «መኪናው አልተሳሳተም። እማ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።»

ዞር ብላ አየችኝ። «እንዴት የለችም? አምና ሆስፒታል ተሰልፌ ማኅተም ያስመታሁበት ወረቀትስ? ግማሽ ቀን ነው የቆምኩት። በእጅሽ ነው የሰጠሁሽ።»

«ቅጹን አልሞላሁትም።»

 ቀጮ ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱም አላመነም። እህቴ እየቀረበች መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዘችኝና ልክ ያልገባትን ነገር እንደምትጠይቅ ሰው «ለምን?» አለችኝ።

«እኔ አለሁላት ብዬ ነው» አልኳት።